አሥራ ሰባት በር

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሳቀና፣
ቱንቢዬን አምኜ፣ በውሃ ልክ ስጽናና፣
እንዲህ ያለ ሥራ አላየሁም ገና።

ቦታው ኮዬ ጓሮ፣ ጤፍ የነበረበት፣
መረሬው በበጋ አፉን የሚከፍት፣
በክረምት የሚያብጥ፣ ጫማ የሚውጥበት።
ባለቤቱ ሾፌር፣ ጡረታ የወጣ፣
ስሙም ደባልቄ፣
ከምናለሽ ተራ በአይሱዙ ጭኖ መጣ
አሥራ ሰባት በር።
መስኮት የለም። ብረት የለም። በር፣ በር፣ በር።

አንዱ አረንጓዴ፣ ፀሐይ ቀለሙን የላጠው፣
አንዱ የቆርቆሮ፣ በረዶ የቀጠቀጠው፣
አንዱ ቁጥሩ ያለ፣ ቀበሌ የጻፈበት፣
አንዱ ከታች በኩል፣ ድመት እንድትገባበት
በመጋዝ የተበሳ፣ አራት ጣት ቀዳዳ፤
ሁሉም ቤት የሌለው፣ የየሰፈሩ እንግዳ።

«ከየት ነው?» አልኩት።
«ከፈረሰው» አለኝ።
የቱ እንደሆነ አልጠየቅኩም። የፈረሰ ብዙ ነው።
«አውቶብስ ስነዳ» አለኝ፣ «ሃያ ስድስት ዓመት
በር ስከፍት ኖሬ፣ ለሌላ ሰው መውረጃ።»
ሌላ አልጨመረም።

አርክቴክቷ ልጅ ናት፣ ልዕልና ነው ስሟ፣
ጸጉሯን በእርሳስ ወግታ፣ ጭቃ ውስጥ ነው ቁሟ።
«የፊቱን ግድግዳ በር በበር አድርገው፣
ከነመቃናቸው በሲሚንቶ ስፋው።
አንዱ ብቻ ይከፈት፤ ያወቀ ይግባበት፣
ያላወቀ እንግዳ ቆሞ ያንኳኳበት።
ኮርኒስ አትሥራልኝ፣ ጣውላው ይታይ ባዶ፣
ሽቦው በላይ ይሂድ፣ ቧንቧው ይውጣ ማዶ።
ሳሎኑ መሐል ላይ ያቺ ግራር ትቁም፣
ጣራውን ቅደዱላት፣ እሷ አትቆረጥም።»

«ዝናቡስ?» አልኳት።
«ይግባ።»
«ይግባ?»
«ግራሯ ከየት ትጠጣ?»

ዝም አልኩ፣ በሆዴ ግን አልኩኝ፦
ግጥም እንኳን ቤት ይመታል፣
ይኼ ቤት ግን ቤት አይመታም።

ጎረቤቱ ሁሉ አጥሩ ላይ ጦር መዞ፣
ምሰሶውን የሮም በጂብሰም ጠምዝዞ፣
የኛን ያየዋል፣ አፉን በእጁ ይዞ።
«ሲያልቅ ምን ይሆናል?» አለኝ አንዱ ጠዋት።
«አልቋል» ስለው፣
ራሱን ነቅንቆ ሄደ።
የመብራት ኃይሉ ልጅ፣ ቆጣሪ ሊያነብ መጥቶ
አምስቱን አንኳኳ፤
ስድስተኛው ላይ ሲደርስ በግምት ጽፎ ሄደ።

ከዚያ በሚያዝያ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣
አንዲት ሴትዮ መጡ ከኮንዶሚኒየሙ በኩል፣
እትዬ በለጥሻቸው፣ ጎመን በፌስታል ይዘው።
ሊያልፉ ነበር። አላለፉም።

ከግራ አራተኛው፣ አረንጓዴው ፊት
ቆሙ፣ ከኋላው ስሙን እንደጠሩት ሰው።
ከቁልፉ ቀዳዳ በላይ ያለችውን ጭረት
በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።
«ባሌ ነው» አሉ፣ «ሰክሮ ቀዳዳው ሲጠፋው።»
ከዚያ ከጉያቸው፣ ከመሐረብ ቋጠሮ
ቁልፍ አወጡ።

ቤቱ ፈርሶ፣ መንገድ ሆኖ፣
መኪና እየሮጠበት፣
ቁልፉ አለ።

ያን በር ያቆምኩት እኔ ነኝ።
ከኋላው ሃያ ቁጥር ብሎኬት አለ፣ እስከ ጣራ።
ልነግራቸው አፌን ስከፍት
ቁልፉ ዞረ።
ቀጭ።

አልገፉትም።
ጥቂት ቆይተው መልሰው አዞሩት፣ ቀጭ፣
በመዳፋቸው ሁለቴ መታ መታ አደረጉት፣
ገበያ የሚወጣ ሰው መዝጋቱን እንደሚያረጋግጥ፣
ጎመናቸውን አንስተው ሄዱ።

ማታ፣ ረዳቴ ገመቹ ከሄደ በኋላ
በዚያ በር ላይ ቱንቢዬን አወረድኩ።
ሁለት ጣት ያህል ዘሟል።
ድሮ እዚያ ቤቱ ሳለም እንዲሁ ዘሞ ነበር፣
ወይስ እኔ ነኝ ያጣመምኩት?
ላቀናው መዶሻ አነሳሁ።
መልሼ አስቀመጥኩ።

ጠዋት ልዕልና ስትመጣ
«ከአራተኛው ኋላ ያለውን ብሎኬት ላፍርሰው?» አልኳት።
እርሳሷን መዘዘች፣ ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ፈሰሰ፣
ወረቀቱን ገለጠች፣ ምንም አልጻፈችም።
«ማን ሊገባ?» አለች።

ሳሎን ውስጥ፣ ግራሯ ላይ፣ ወፍ ጮኸ።